እስከ ቢጫው ዱባ

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍ፦ ጃፓን የምንሄደው በጌጤ ምኞት ነው። ለእኔ ቢሆን ከኦስሎው ስቶቭነር ሰፈር ርቄ የምሄድበት ምክንያት የለም። ኋላ መንገዱ ሲያደክመኝና መነጫነጭ ስጀምር እንዳልረሳው እዚህ አሰፈርኩት።

ጌጤ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ሃያ ሁለት ዓመት ብሪን ሰፈር አንድ ቢሮ ስታጸዳ ኖራ ባለፈው ጥቅምት ጡረታ ወጣች። የቢሮው ኮሪደር ላይ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። ባሕር ውስጥ የገባ አሮጌ የሲሚንቶ መደብ፣ ጫፉ ላይ አንድ ቢጫ ዱባ፤ ጥቁር ነጠብጣብ የሞላበት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ። በየሳምንቱ መስተዋቱን ስትወለውል «ይሄን እዚያ ማን ረሳው?» እያለች ኖረች። የዛሬ ዓመት እኔን ጠየቀችኝ፤ ፈልጌ ነገርኳት። ሐውልት ነው። ናኦሺማ የምትባል ትንሽ የጃፓን ደሴት ላይ ያለ፤ ደሴቲቱ ራሷ በሥነ ጥበብ ሥራዎች የታወቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ወሬ የለም።

«ዱባ ለማየት ይሄን ሁሉ አገር?» አልኳት።

«ቲቸር፣ አንቺስ ሦስት ማዕዘን ለማስተማር ስንት አገር አቋረጥሽ?»

ደሴ አሥራ አራት ዓመት፣ ኦስሎ ሃያ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። እውነቷን ነው።

ዛሬ የጉዞውን ሰንጠረዥ ጨረስኩ። ረቡዕ ግንቦት 5 መነሻ፣ ቅዳሜ ግንቦት 8 ደሴቲቱ፣ ማክሰኞ ግንቦት 11 መመለሻ። የጀልባውን ሰዓት ሦስት ጊዜ አመሳከርኩ። ጌጤ ስቶቭነር ሴንተር ገብታ ቢጫ ሻሽ ገዛች፤ ለፎቶው። ጉልበቴ ዛሬ ደህና ነው።

ግንቦት 1፣ ቅዳሜ

ልደታ። ከቬስትሊ ሰፈር ጀርባ ወዳለው ጫካ ከማኅበራችን ስድስት ሴቶች ወጣን። ጌጤ ንፍሮ ቀቅላ መጣች። መሬቱ ርጥብ ስለነበር ፕላስቲክ አነጠፍን። አንድ ኖርዌጂያዊ ከውሻው ጋር ሲያልፍ ዘግና ሰጠችው። ቆሞ በላ። ውሻውም በላ።

ስንመለስ ስለ ወንድሟ አወራችኝ። እንዳሻው ደሴ ነው። ከእናቷ ልጆች የቀረው እሱ ብቻ ነው። ስኳሩ ኩላሊቱን ነክቶታል። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ይደዋወላሉ። ከዚያ እናቷን አነሣች። እናቷ የሞቱ ጊዜ መርዶውን አራት ወር ደብቀዋታል።

«አራት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው የደም ግፊት መድኃኒት እልክ ነበር» አለች።

ሳቀች ደግሞ። እኔ አልሳቅኩም።

ግንቦት 2፣ እሁድ

እንዳሻው ስልክ አላነሣም። ልጁ አለባቸው ነው ያነሣው። «ተኝቷል አክስቴ፣ ድካም ነው» አላት። ጌጤ ሻንጣዋን ስትዘጋና ስትከፍት ዋለች።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

ከሰዓት በኋላ አለባቸው ለእኔ ደወለ። ለእኔ ደውሎ አያውቅም።

«እትዬ ጽጌ፣ ብቻዎን ነዎት?»

ገባኝ። እንዳሻው ትናንት ማታ ዐርፏል። ቀብሩ ዛሬ ተፈጽሟል።

«መርዶው እርስዎ ጋ ይቆይ። ሽማግሌዎቹ የመከሩት ነው። ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም። ስትመለስ ሰው ሰብስበው፣ በጠዋት፣ ቤቷ ይንገሯት።»

«መንገድ አልጀመረችም እኮ። የምንነሣው ከነገ ወዲያ ነው።»

«አሁን ቢነግሯትስ ምን ታደርጋለች? ቀብሩ እንደሁ አልፏል። ያ ሁሉ ዝግጅቷ ይበላሻል። እርስዎ መምህር ነዎት፣ ያውቁበታል።»

እሺ አልኩ።

ለምን እሺ አልኩ? ወረቀት አውጥቼ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። በግራ፦ ዛሬ ብነግራት። በቀኝ፦ ስንመለስ ብነግራት። በቀኝ በኩል ብዙ ሞላ። ቀብሩ አልፏል። አሁን ከቀረች ዳግመኛ አትሄድም፤ ጉልበቷም ከእኔ የባሰ ነው። ወጉም እንዲህ ነው፤ እኔም በወጉ ነው ያደግኩት። በግራ በኩል የጻፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ስለ እናቷ የነገረችኝን። ቀኙ ረዥም ነው። ታዲያ ለምን ግራው ይከብዳል?

ከታች ሬዲዮዋ ይሰማኛል። ታንጎራጉራለች።

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ

የጌጤ ልጅ ሳታውቅ እኔ ማወቄ ልክ አልመሰለኝም። ፉሩሴት ሰፈር ሄጄ ለሄርሜላ ነገርኳት። ሄርሜላ እዚሁ የተወለደች ናት፤ በኖርዌጂኛው «ታንተ»፣ አክስቴ ነው የምትለኝ፤ ነርስ ናት፤ ከማታ ሥራ ገብታ ገና አልተኛችም ነበር። አለቀሰች። አጎቷን ሁለት ጊዜ ነው ያየችው። እንባዋን ስትጠርግ አፈጠጠችብኝ።

«ማማስ?»

«ስንመለስ።»

«ናይ፣ አይሆንም፣ ታንተ ጽጌ። ናይ። ማማ ሕፃን አይደለችም። አሁን መጥቼ እነግራታለሁ።»

«ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ነገር ነው…»

«የማን ወንድም ነው? ያንቺ ነው?»

አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከርን። ቀን መቁጠሪያውን አነሣሁባት፤ ጌጤ ማድ ቤቷ ግድግዳ ላይ ሰቅላ በየቀኑ የምትሰርዘውን። እሱን ስላት ክርክሩን ተወች። ቆይታ እንዲህ አለች፦

«እስከ ዱባው ድረስ ዝም እላለሁ። ቅዳሜ ትየው። ቅዳሜ ማታ እኔ ራሴ እደውልላታለሁ። ከእኔ በፊት ብትነግሪያት ላንቺ ይሻላል።»

ተስማማን። ስመለስ የከተማው ባቡር፣ ቲባኑ ውስጥ ሳስበው፣ አሁን ሁለት ቃል ኪዳን አለብኝ፤ አንዱን ካልጣስኩ ሌላውን መጠበቅ አልችልም።

ማታ ጌጤ ወጥታ መጣች። እየሳቀች።

«ዛሬ ሰው ምን ነክቶታል? አሥራ አንድ ሰው ደውሎ መልካም መንገድ አለኝ። ጃፓን ነው የምሄደው ወይስ ጨረቃ?»

ማኅበርተኞቹ ሁሉ ሰምተዋል ማለት ነው። ከእሷ በቀር ያልሰማ የለም።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

ጋርደርሙን አውሮፕላን ማረፊያ። ባቡር ውስጥ ሳለን ስልኳን ጠየቅኳት። «ውጭ አገር እንዲሁ ክፍት መሆን የለበትም፣ ላስተካክልልሽ» አልኳት። ሳትጠይቅ ሰጠችኝ። ኢንተርኔቱን ዘጋሁ። ጥሪውንም ዘጋሁ። ከዚያ «እኔ ጋ ይቀመጥ፣ አንቺ ትጥይዋለሽ» ብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ለምን ትጠይቅ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኮሙኑ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ የሚመጣላትን የኖርዌጂኛ ደብዳቤ ሁሉ የማነብላት እኔ ነኝ። ስልኳን የሚያስተካክልላትም እኔው።

መጠበቂያው ወንበር ላይ ከፊታችን የተቀመጠውን ረዥም ሰውዬ አሳይታ «ይሄ እግሩን ሻንጣ ውስጥ ካላስገባ አይሳፈርም» አለችኝ። ሳቅኩ። ከልቤ ሳቅኩ እኮ። ወዲያው አፈርኩ።

ግንቦት 7፣ ዓርብ

ትናንት ማታ ኦሳካ ገባን። ዛሬ በባቡር ኦካያማ። ባቡሩ በሰንጠረዤ ላይ ባለው ደቂቃ ተነሥቶ በዚያው ደቂቃ ደረሰ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄ ብቻ ለአንድ ሳምንት ያስደስተኝ ነበር።

ጌጤ ደስ ብሏታል። ሁሉን ነገር ትነካለች፣ ለሁሉ ሰው ጎንበስ ትላለች። ጣቢያው አጠገብ ካለ ሱቅ ካልሲ አነሣች። ለስላሳ፣ ላስቲክ የሌለው።

«ስኳር ላለበት እግር ይሄ ነው ጥሩ። ቀለሙን ምረጪልኝ፣ ለእንዳሻው።»

መረጥኩ። ቡናማ።

እንዴት መረጥኩ? አፌ «ቡናማ» ሲል ሰማሁት። አሁን ካልሲው ከአልጋዋ ራስጌ ተቀምጧል። ነገ ቅዳሜ ነው።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ከኡኖ ወደብ በጀልባ ሃያ ደቂቃ። ደሴቲቱ ወደብ ላይ ሌላ ዱባ አለ፤ ቀይ፣ ውስጡ የሚገባበት። ጌጤ ብዙም አላየችው። «ይሄኛው አይደለም» አለች፣ የተሳሳተ አውቶቡስ የመጣባት ይመስል። አውቶቡስ ያዝን። ስምንት ሰዓት ላይ ደረስን፤ በሰንጠረዡ ላይ ካለው አራት ደቂቃ ዘግይተን።

ከመንገዱ ሲታይ ትንሽ ነው። ሰልፍ አለ። ሰው ተራ በተራ መደቡ ላይ እየወጣ ፎቶ ይነሣል፤ የሚጋፋ የለም። ጌጤ ቢጫ ሻሿን አሰረች። ስንቀርብ ክንዴን ያዘች። እኔም ደነገጥኩ፤ መጻፍ አለበት። ፎቶግራፉ ላይ ባሕሩ ዝም ያለ ነበር። እዚህ መደቡን ይመታል፣ ይረጫል። ዱባዋ ከውሃው ፊት ቁጭ ብላለች። አፈር የላት፣ ሐረግ የላት። እንዲያው ብቻዋን ሙሉ ናት። ነጠብጣቦቹ ከላይ አንሰው ወደ መሃል ይተልቃሉ፤ ልቆጥራቸው ጀምሬ ተውኩት።

ጌጤ ተጠጋች።

«ሃያ ሁለት ዓመት የወለወልኩሽ አንቺ ነሽ?» አለቻት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያቺው ናት አይደል?»

አይደለችም። የመጀመሪያዋን ከጥቂት ዓመታት በፊት ማዕበል ነቅሎ ወስዷታል፤ ተሰብራ ነው ያወጧት። ይቺ በኋላ እንደገና የተሠራች ናት። ስህተት ሰምቼ ማለፍ አልችልም። ነገርኳት።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«መጀመሪያ የፈለግኩልሽ ቀን።»

«እና ዓመት ሙሉ?»

«ደስታሽን ላለማበላሸት ብዬ…»

ሳቀች። «አንቺ ሴትዮ፣ የዱባ መርዶ የማልችል ሰው ነኝ እኔ?»

እየሳቀች እጇን ዘረጋች።

«በይ ስልኬን ክፈቺልኝ። አገር ቤት አሁን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፣ እንዳሻው ተነሥቷል። ላሳየው።»

ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ኔትወርክ የለም ልላት አፌን ከፈትኩ። አውሮፕላኑ ላይ ሦስት ዓይነት መልስ በቃሌ አጥንቼ ነበር። አንዱም አልወጣም።

«ጌጤ። እንዳሻው ዐርፏል።»

እንዲህ ነው የተናገርኩት። ቤት በሌለበት፣ ዘመድ በሌለበት፣ የሚይዛት ሰው በሌለበት።

አልጮኸችም። «መቼ?»

«እሁድ ማታ።»

በጣቷ ቆጠረች። ሰኞ፣ ማክሰኞ… ዓርብ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ካልሲውን ስገዛ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ስልኬንም ለዚህ ነው የዘጋሽው።»

«አዎ።»

አንዲት ወጣት ጃፓናዊት ከሰልፉ ፈገግ እያለች መጥታ እጇን ዘረጋች። ሁለታችንን ላንሣችሁ ማለቷ ነው። እንዴት እምቢ እንደሚባል አላወቅኩም። ስልኬን ሰጠኋት። አንሥታ፣ ጎንበስ ብላ መለሰችልኝ። ፎቶው አለ። ጌጤ ሻሿን እየፈታች ነው። እኔ ቀጥ ብዬ ካሜራውን አያለሁ። ዱባዋ በመካከላችን።

«ካፖርትሽን ስጪኝ» አለች። ጥቁር ነው። አውልቄ ሰጠኋት። ለብሳው እስከ አውቶቡሱ ብቻዋን ሄደች። እኔ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላ።

ጀልባው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን። ወደቡ ሲታይ ተናገረች፣ ቀስ ብላ፦

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤዬን ሁሉ አንብበሽልኛል። ክፉም ይሁን ደግ አንድ መስመር አልዘልም ትይ ነበር።»

ጀልባው ሳይቆም ተነሥታ ወደ መውጫው ሄደች።

ግንቦት 9፣ እሁድ

ትናንት ሆቴል እንደገባን ስልኳን ከፍቼ ሰጠኋት። መርዶው መደበቁን ያልሰሙ ሰዎች የላኩት የአራት ቀን መልእክት ተከታትሎ ገባ። ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር… ድምፁ አልቆም አለ። ሄርሜላ ደወለች። እኔ ኮሪደር ላይ ቆምኩ። በሩ ሥር ሆኜ የጌጤን ልቅሶ ሰማሁ። መጀመሪያ ያለቀሰችው ከልጇ ጋር ነው።

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ሩዝ አመጣሁ፣ አልነካችም። ውሃ ጠጣች። የምትደገፈው ሰው የለም፣ የሙሾ ድምፅ የለም፣ ከጎረቤት የሚመጣ ሰው የለም። ግድግዳው ስስ ስለሆነ አፏን በካፖርቱ እጅጌ ይዛ ነው የምታለቅሰው። ለዚህ ነበር ወጉ። ሰው የሚሰበሰበው ለዚህ ነበር። እኔ ወጉንም አልጠበቅኩ፣ እውነቱንም በጊዜው አልተናገርኩ። ከሁለቱም የባሰውን መረጥኩ።

በረራውን ለመቀየር ሞከርኩ። አልተቻለም።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ትናንት ማታ ገባን። ዛሬ ጠዋት ሰው ሁሉ ጌጤ ቤት ተሰበሰበ። ወንበር ከእኔም ቤት ወረደ። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጌጤ የገባውን ሁሉ አቅፋ አለቀሰች። እኔን ዘለለችኝ።

አንደኛዋ ማኅበርተኛ ጠጋ ብላ «ባሕር ላይ ነገርሻት አሉ። ምን ነክቶሽ ነው አንቺ?» አለችኝ። ሄርሜላ ደግሞ ሻይ ስታቀብለኝ በጆሮዬ «ሰኞ ነበር መንገር» አለች። አለባቸውም በስልክ ተቀይሟል፤ ቃሌን አጥፌአለሁ። ሦስቱም ልክ ናቸው። እንዴት ሦስቱም ልክ ይሆናሉ?

ግንቦት 17፣ ሰኞ

ደረጃ ላይ ሄርሜላን አገኘኋት። በእጇ ከኮሙኑ የመጣ ፖስታ ይዛለች፤ የጌጤ ስም ያለበት። ተከፍቷል። ሰላም ተባብለን ተላለፍን።

ግንቦት 20፣ ሐሙስ

በሯን አንኳኳሁ። ውስጥ ናት፤ ሬዲዮው ይሰማ ነበር፣ ዘጋችው። አልከፈተችም።

ግንቦት 23፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አለባቸው ደወለ። ስለ አርባው ሊነግረኝ መስሎኝ ነበር፤ ሰኔ 11 ይውላል፣ ጌጤም ለዚያ ደሴ ትሄዳለች። እሱን ተናግሮ አልዘጋም።

«እትዬ ጽጌ፣ አንድ ነገር አለ። ለሰው ሳልነግር ልፈነዳ ነው። አባባ በመጨረሻው ሦስት ቀን እሷን ነበር የሚጠራው። ጌጤን ጥሯት፣ ጌጤን ጥሯት ሲል… እንዳትደነግጥ ብለን አልነገርናትም። ለእሱም መጣች አልነው። አውሮፕላን ላይ ናት፣ ደረሰች አልነው። በሩን እያየ ነው የሞተው።»

አለቀሰ።

«ለእሷ እንዳይነግሯት። አይጠቅማትም። ሐዘን ላይ ሐዘን ነው። እርስዎ ጋ ይቅር።»

ያው ቃል ነው። በሰኞው ስልክም የተናገረው ይህንኑ ነበር፤ እኔም እሺ ብዬ ነበር።

«አለባቸው፣ ይሄን አልይዝም» አልኩት።

«እትዬ፣ በእግዚአብሔር…»

«አንተን ትውቀስህ አልልም። ግን ወንድሟ የጠራው እሷን ነው። አንተንም እኔንም አይደለም።»

ተቆጣ። ዘጋብኝ። ቆይቶ «እንዳሉ» የሚል አጭር መልእክት ላከ።

አሁን ወርጄ በሩን ደብድቤ ልንገራት? ያንንም ባደርግ መቼና የት እንደምትሰማ ዳግመኛ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ወረቀት አውጥቼ ዓምድ ላሰምር ጀመርኩ። ተውኩት። ይሄ የእኔ ሒሳብ አይደለም።

ግንቦት 24፣ ሰኞ

የሐዋርያት ጾም ገባ። ጠዋት ተነሥቼ ለጌጤ ጻፍኩ። አራቱን ቀደድኩ። አምስተኛውን በአማርኛ፣ በትልልቁ፣ ያለ ማንም እርዳታ እንድታነበው አድርጌ ጻፍኩት። በበሯ ሥር ከማስገባቴ በፊት እዚህ ገለበጥኩት።

«ጌጤ፣

አለባቸው ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ስለ እንዳሻው የመጨረሻ ቀናት አንድ ነገር ነገረኝ፤ ላንቺ እንዳልነግርሽም ለመነኝ። አልይዝም አልኩት። የሚያም ነገር ነው። ቀላል ነው ብዬ አላታልልሽም።

መቼ፣ የት፣ ከማን እንደምትሰሚው እኔ አልወስንም። ከእኔ መስማት ከፈለግሽ ባልሽው ሰዓት እመጣለሁ። ከአለባቸው ከፈለግሽ ደውይለት፤ ልትደውይ እንደምትችይ ያውቃል። ሄርሜላ ወይም ሌላ ሰው አጠገብሽ እንዲሆን ከፈለግሽ እሱንም አንቺ በይ። መስማት አልፈልግም ካልሽ ዳግመኛ አላነሣውም።

ሰኔ 11 አርባው ነው። ከመሄድሽ በፊት ማወቅ ትፈልጊ ይሆናል፤ እዚያ ስትደርሺ ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የቸኮልኩት።

ይቅርታ በሌላ ቀን እጠይቅሻለሁ። ዛሬ የምጠይቅሽ መልስ ብቻ ነው። አንድ ቃልም ይበቃል፤ ወረቀቱን መልሰሽ በቤቴ በር ሥር አስገቢልኝ። እባክሽ አታቆዪኝ፣ ቶሎ መልሽልኝ።

ጽጌ»